የቆርኪ ማርሽ

ጸሎት ሲጸለይ ዓይን ይጨፈናል። ሶረቲ ግን ሽማግሌው ኦቦ ጂራ «አባት ሆይ፣ ልጆቻችንን ከክፉ ስለጠበቅህልን» ብለው ገና ሲጀምሩ ዓይኗን ገለጠችና አጠገቧ የቆመችውን ልጇን አየች። ለንሳ አንገቷን ደፍታ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ነበር። የግራ እጇ ሌባ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ አረንጓዴ ነው፣ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ሶረቲ ከትናንት ቅዳሜ ጀምሮ ስለዚያ ጣት ሳታወራ የዋለችበት ሰዓት አልነበረም፤ ጨርቁን ግን ልብ ብላ አላየችውም ነበር። አሁን አየችውና ክው አለች። የመዘምራኑ ልብስ ገበር ነው። ዓርብ ማታ በገዛ መቀሷ የቆረጠችው፣ ቁርጥራጩም ከስፌት መኪናዋ ስር ወድቆ ያደረ ገበር። ትናንት ልጅቷ ከቲቸር ቀንዓ ክፍል ስትመለስ በር ላይ የተቀበለቻት እሷው ነች፤ ያኔም ይኸው ጨርቅ ጣቷ ላይ ነበር። ክፍል ውስጥ የተጎዳ ሰው እቤት ወድቆ በቀረ ጨርቅ አይታሰርም። ጣቱ የታሰረው ልጅቷ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ነው። ከመውጣቷ በፊት ከታሰረ ደግሞ የተጎዳችውም ያኔ ነው። ሶረቲ ይህን አስባ ሳትጨርስ አዳራሹ «አሜን» አለ። እሷም አለች። አፏ ለምዶ አለ።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን አሜን የተባለበት ነገር አይነካም። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ይሰማሉ፣ ይመካከራሉ፣ በመጨረሻ ይጸልዩበታል፤ ከተጸለየበት በኋላ ነገሩ ከሰው እጅ ወጥቷል ይባላል። ያን ጊዜ እጁን የሚያነሣ ሰው ጸሎቱን የተጠራጠረ ይመስላል። ሶረቲ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ስለዚህ ወንበሮቹ መንኳኳት ሲጀምሩ እሷ እግሯ ከሲሚንቶው ጋር የተጣበቀ ይመስል ባለችበት ቀረች። ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚያው ቆማ ነበር የተናገረችው። «ጤነኛ ልጅ ልኬ የደማ ጣት ነው የተቀበልኩት» ብላ ነበር። «ዛሬ ጣት ነው፤ ነገ እጅ ይሆናል። ያን ጊዜ ማንን ልንጠይቅ ነው?» እናቶቹ ከኋላ ከንፈራቸውን መጠጡላት። ኦቦ ጂራም ወደ መምህሩ ዞረው «ወንድም ቀንዓ፣ ልጅቷ የተጎዳችው እዚህ ነው?» አሉት። ቀንዓ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ወጣት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ወዲህ ሥራ እየፈለገ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳራሹ ጓሮ ባለችው ክፍል ልጆችን በነጻ ያስተምር ነበር። ለንሳን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። «ልጆቹ በእኔ ኃላፊነት ስር ነበሩ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሶረቲ ይህን ጥፋቱን እንደማመን ቆጠረችው። ሁሉም እንደዚያ ቆጠሩት። ክፍሉ እንዲዘጋ፣ ቀንዓም እስከ ማታ ዕቃውን እንዲያወጣ ተወሰነ፤ ተጸለየ።

በሩ ላይ አዴ ወርቅቱ ክንዷን ያዘቻት። ወርቅቱ ገበያ ዳር ሱቅ ያላት፣ ሳቋ ከራሷ ቀድሞ የሚደርስ ሴት ናት። «ገለቶሚ፣ ተባረኪ እህቴ! አንቺ ባትናገሪ እኛማ በየቤታችን እያጉረመረምን እንቀር ነበር» አለቻት። «የእኔው ጉድ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ሽንኩርቱም ድንቹም እሳት በሆነበት በዚህ ጊዜ ድንቼን እንደ ዳቦ ቆራርጦ፣ ዙሪያውን ክብሪት ሰክቶበት አገኘሁት። ምንድን ነው ይሄ ስለው ‹ማርሽ ነው› አይለኝም? ማርሹን ቀቅዬ አበላሁት!» ሴቶቹ ሳቁ። «የእኔዋ ደግሞ» አለች ሌላዋ፣ «የአምቦ ውሃ ቆርኪ እለቅማለሁ ብላ ግሮሰሪ በር ለበር ስትዞር ሰው አየልኝ። በዚህ ዕድሜዋ ግሮሰሪ!» እንደገና ሳቁ። ሶረቲም ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ደግ አደረግሽ» ባሏት ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። ወደ ኋላ ዞሮ «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» ለማለት የሚያስፈልገው ትንፋሽ ብዙ አልነበረም። ያን ትንፋሽ እንደያዘች ዳቦ ቤቱን አለፈች፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበትን አለፈች፣ የሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ደረሰች። ለንሳ ከኋላ ትከተላታለች። እንደ ወትሮው እጇን አልያዘቻትም።

ሶረቲ ክፉውን ቀድሞ የማሰብ ልማድ አላት። ልጇ ሱቅ ስትላክ ባጃጅ ሲገጫት ይታያታል፤ ባሏ ስልክ ካላነሣ መንገድ ተዘግቷል፣ የሆነ ነገር ተፈጥሯል ትላለች። ለነገሩ በአምቦ እንዲህ የምታስብ እናት እሷ ብቻ አይደለችም፤ በእነዚህ ዓመታት ልጁን ትምህርት ቤት ልኮ ጆሮውን ወደ አስፋልቱ ሳያቆም የዋለ ወላጅ የለም። በማርሽ ግን የራሷ ምክንያት ነበራት። ታላቅ ወንድሟ ቦንሳ ጊንጪ ወፍጮ ቤት ሲሠራ ቀኝ እጁን የወፍጮው ሞተር ቺንጊያ ወስዶበታል፤ ዛሬ ሰላም የሚላት በግራው ነው። ስለዚህ በአንዱ ቅዳሜ በክፍሉ መስኮት አሻግራ ስታይ፣ ቀንዓ አሮጌ ብስክሌት ገልብጦ በኮርቻው አቁሞ ፔዳሉን በእጁ ሲያዞር፣ ልጆቹም ካቴናው የሚዞርባቸውን ትልቁንና ትንሹን ጥርሳም ብረት አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ፣ እሷ የታያት የወንድሟ እጅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልቧ ተሰቅሎ ይውል ነበር። ትናንት ከገበያ ገብታ ልጅቷን በር ላይ ስትቀበልና የተጠቀለለውን ጣት ስታይም አልጠየቀችም። «ብያለሁ! ያ ብስክሌት! ብዬ ነበር!» ብላ ጮኸች፤ ለንሳ ዝም አለች፤ እሷም ዝምታውን አዎን ብላ ወስዳ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ኦቦ ጂራ ቤት ሮጠች። አሁን ድልድዩ ላይ ሌላም ነገር ትዝ አላት። ያን ቅዳሜ በመስኮቱ ድምፅም ሰምታ ነበር። «ጣቱን ማንም እንዳያስጠጋ፤ በዓይን ብቻ!» ይል ነበር ቀንዓ። «አንዱን ጥርስ ጠመኔ ቀቡትና፣ ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠሩ።» ሰምታው ነበር። የፈለገችው ያንን ስላልነበረ ጆሮዋ አላስቀረውም።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ሳሎንም ወጥ ቤትም የስፌት ቤትም ሆኖ ያገለግላል። ያላለቁት የመዘምራን ልብሶች በገመድ ላይ ተሰቅለዋል፣ ከስራቸው ከሰል ማንደጃው፣ ከመስኮቱ ስር ደግሞ ከአማቷ የወረሰችው፣ በእጅ የሚዞረው ጥቁር የስፌት መኪና። ሶረቲ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ መኪናው ሄደች። መዘውሩ ከጎማው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በአንዲት ብሎን የተያዘ ትንሽ የብረት ክዳን አለ። እሷ ዘይት ስታጠጣ ካልሆነ አትከፍተውም፤ ሌላ ሰው እንዲነካውም አትፈቅድም፤ ቤቱ የሚያድረው በእሱም ጭምር ነዋ። ብሎኑን በጣቷ ነካችው። ላልቷል። ክዳኑን አነሣችው። ከስሩ ትልቁ ማርሽ ከትንሹ ጋር ተናክሶ ቆሟል፤ ከትልቁ ጥርሶች በአንዱ ላይ፣ ከዘይቱ ጋር ተላውሶ፣ ነጭ ጠመኔ አለ። የራሷ ጠመኔ፣ በልብስ ላይ የምታሰምርበት። ሶረቲ ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችውና ልብሶቹን ከገመዱ ላይ አውርዳ፣ አጥፋ፣ መልሳ ሰቀለቻቸው።

ባሏ ጋዲሳ ከኋላቸው ገባ። የጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው፣ ቢሮም ሆነ ቤት ድምፁ አይሰማም። ትናንት ጠዋት ለለቅሶ ጊንጪ ወርዶ፣ እዚያው አድሮ፣ ዛሬ ከመኪና እንደወረደ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ነበር የመጣው። ምሳ ቀረበ። የድንች ወጥ ነበር። ለንሳ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «ጠግቤያለሁ» ብላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ሶረቲ ልጅቷ ስትነሣ የጣቷን ጨርቅ እንደገና አየችው፤ አሁን ግን ያየችው ቋጠሮውን ነበር። ድርብ፣ ጠበቅ ያለ፣ ጫፎቹ ወደ ውስጥ የገቡ ቋጠሮ። በአንድ እጅ እንዲህ አይታሰርም። ጋዲሳ የደብዳቤ ጥራዝ ሲያስርም፣ ለዘመድ የሚላክ ዕቃ ሲቋጥርም እንዲህ ነው የሚያስረው።

«ያን ጨርቅ ማን ነው ያሰረላት?» አለች።

ጋዲሳ እንጀራውን እየጠቀለለ ቆየ። ጠቅልሎም አልጎረሰውም። «ትናንት ጠዋት ነው» አለ። «አንቺ ገበያ ነበርሽ። እያለቀሰች መጣች። ከመኪናው ጥርስ መሐል ገብቶባት ትንሽ ተልጦ ነበር፤ ሌላ የሆነችው ነገር የለም። አጥቤ አሰርኩላት። ‹ለሃርሜ እንዳትነግራት› አለችኝ፣ ለአንቺ ለእናቷ። ማታ ራስሽ ትነግሪያታለሽ አልኳት፤ የለቅሶው መኪና ጡሩምባ ሲያሰማ ወጣሁ።»

«ዛሬ እኮ አዳራሹ ውስጥ ነበርክ።»

«ስደርስ አንቺ ቆመሽ ትናገሪያለሽ። ሕዝቡ ከንፈሩን ይመጣል። ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሚስቴ ዋሽታለች ልበል? ትቀመጥና በጆሮዋ እነግራታለሁ ስል ‹እንጸልይ› ተባለ።»

«አሜን አልክ?»

«አልኩ» አለ ጋዲሳ። «አንቺስ?»

ከዚያ በኋላ የሁለቱም እጅ ወደ ትሪው አልተመለሰም። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይዘምራል። ሶረቲ መልሱን እየፈራች ቢሆንም መጠየቅ ነበረባት። «ለምን ነው ለእኔ የማይነገረኝ?» አለች። የጋዲሳ ዓይን ሳያስበው ወደ ከሰል ማንደጃው ሄደ። «አምና ኤሌክትሪክ ምድጃው ሲነዝራት ምን አደረግሽ?» አለ። «በዚያው ቀን ለሰው ሰጠሽው። ይኸው እስከ ዛሬ በከሰል እየተጨናበስን ነው። መኪናውንም ትሰጪዋለሽ ብላ ነው ልጅቷ የፈራችው። ‹የምትወደውን መኪና በእኔ ምክንያት ልታጣ ነው› ብላ።» ይህን ብሎ ትሪውን ራሱ አነሣው። ሌላ ቀን ቢሆን ወንድ ልጅ ትሪ ሲያነሣ ሶረቲ ትቀልድበት ነበር።

ለንሳ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ ላይ አንድ ጣውላ አጋድማ ነበር። ሶረቲ ያን ጣውላ ከአልጋ ስር ስትጠርግ ብዙ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጋዋለች፤ ምን እንደሆነ ጠይቃ ግን አታውቅም። ቆርኪዎች በመሐላቸው በምስማር ተመተውበታል፤ ምስማሩ ሳይጠብቅ ስለተመታ እያንዳንዱ ቆርኪ ይዞራል፤ የአንዱ ቆርኪ ጥርስ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር ይነካከሳል። ሶረቲ አጠገቧ ተቀመጠችና «እስቲ አሳዪኝ» አለቻት።

ልጅቷ በደህናው ጣቷ የመጀመሪያውን አዞረች። ረድፉ ሁሉ እየተንቀጫቀጨ ዞረ። «ይሄ ወደ ቀኝ ሲሄድ ይሄኛው ወደ ግራ ነው። ይሄኛው ደግሞ ወደ ቀኝ። ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት አይዞሩም» አለች። ድምፅዋ መጀመሪያ ለመምህር እንደምትመልስ ዓይነት ነበር፤ እየቆየ ግን ሞቅ አለ። ከጣውላው ጥግ ሦስት ቆርኪዎች በጉልቻ መልክ ተቀምጠዋል፤ ሦስቱም ይነካካሉ። «ይሄን አዙሪው፣ ሃርሜ።»

ሶረቲ አውራ ጣቷን አስጠግታ ገፋችው። አልነቃነቅም አለ። ሌላውን ሞከረች። እሱም እንቢ አለ። «ዝጓል እንዴ?» አለች።

ለንሳ ሳትፈልግ ሳቀች። «እኛም እንደዚያ ነው ያልነው! ፍሮምሳማ ጥፋተኛው የላይኛው ነው ብሎ በድንጋይ ሊመታው ነበር። ቲቸር ግን አንድ በአንድ ነቅሎ አሳየን። ሁሉም ደህና ናቸው። ብቻ ሦስቱም ከተያያዙ አንዱ ወደ ቀኝ ሲል ሌላኛው ደግሞ...» ጣቶቿን ለማሳየት አነባብራ፣ የታመመውን ስለነካች ፊቷን አጨማደደች። «አንዱን ትንሽ ፈቀቅ ካደረግሽው ይዞራሉ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ጣውላውን እያየች «መኪናውን ትሸጪዋለሽ?» ብላ ጠየቀች።

«አልሸጠውም።»

«ቲቸር ቀንዓስ ይመለሳል?»

ሶረቲ ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰችና «ጫማሽን አድርጊ» አለቻት።

ኦቦ ጂራ በረንዳቸው ላይ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው የሚያማቸውን ጉልበት ቅባት እያሹት አገኘቻቸው። ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩም እንደሚመዝኑ ነው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ገበሩን፣ ቋጠሮውን፣ በማርሹ ጥርስ ላይ ያለውን ጠመኔ። ሳያቋርጡ ሰሟት። «ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስህተትን ማመን ትልቅነት ነው። የሚመጣው እሑድ ትቆሚያለሽ፣ ለጉባኤው ትናገሪያለሽ፣ ክፍሉም ይከፈታል። እኔ ራሴ እደግፍሻለሁ።»

«እስከ እሑድ ቢሄድስ? ዛሬ ማታ ሽማግሌዎቹን ቢጠሩልኝ?»

«በአንድ ቀን፣ በአንድ ነገር፣ ሁለት ጊዜ?» ኦቦ ጂራ ቅባቱን ዘጉት። «ጠዋት የጸለያችሁት ወደ ማን ነበር አይሉንም? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ሶረቲ። ለመውጣት አንዲት ትንፋሽ፣ ለመመለስ ግን ሳምንት ይፈልጋል።» ለንሳን አዩዋትና ለስለስ አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጣትሽ ይሻልሻል?» ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ሶረቲ ልትወጣ ስትል ከኋላዋ ጠሯት። «ወደ ክፍሉ የምትሄጂ ከሆነ ቀንዓ ሲጨርስ ቁልፉን ተቀብለሽ ቆልፊና አምጪልኝ። በዚህ ጉልበት ዳገቱን እንደገና አልወጣውም።» እንቢ አይባሉም። እሺ አለች።

ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ ጉደር በኩል ዘንበል ብላ የክፍሉ መስኮት ቀልቷል። በሩ ክፍት ነው። ቀንዓ ብስክሌቱን ወደ ውጭ አውጥቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል፤ እሱ ራሱ ወንበር ላይ ቆሞ ከግድግዳው የካርቶን ማርሾችን ያወርዳል። የካርቶኑ የፊት ወረቀት ተልጦ፣ ውስጡ ያለው ሽብሽቡ ጥርስ እንዲሆን ወደ ውጭ ተለጥፏል፤ በየመሐሉ የልጅ ስም አለ። ስሞቹ አንዳንዱ በቁቤ፣ አንዳንዱ በአማርኛ ተጽፈዋል። ሶረቲ እዚህ ክፍል ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። ከመስኮቱ ስታየው አደገኛ የብረታ ብረት ጎተራ መስሏት ነበር። የብረት ዕቃ ብስክሌቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ካርቶን፣ ክር፣ የክብሪት ቀፎ፣ ደርቆ የጠቆረ የድንች ቁራጭ። ብስክሌቱ በሚቆምበት ቦታ ዙሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ተሰምሯል፤ ልጆቹ ከዚያ መስመር ወዲህ እንዲቆሙ መሆኑ ሳትጠይቅ ገባት።

«ወንድም ቀንዓ» አለች፤ የቀረውን ስትለማመድ የመጣችበት ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ጨርቁን አየሁት።»

ከወንበሩ ወረደ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረውም፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። «ትናንት ጠዋት ጣቷ ታስሮ ነው የመጣችው» አለ። «ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። ‹ለሃርሜ ራሴ እነግራታለሁ፣ አንተ እንዳትነግራት› አለችኝና ቃል ገባሁላት።»

«ዛሬ ግን... ሲጠይቁህ መናገር ትችል ነበር። በአንድ ቃል እኮ ያልቅ ነበር።»

«ያየችኝን አላዩም እርስዎ» አለ ቀንዓ። «እዚያ ቆማ ያየችኝን። ብናገር ነገሩ ለእኔ ያልቃል፤ እቤት ስትገቡ ለእሷ ምን እንደሚጀምር ግን አላወቅኩም።»

«እመታታለሁ ብለህ ነው?»

«አላወቅኩም አልኩ እኮ፣ እህት ሶረቲ።»

ለንሳ በሩ ላይ ቆማ የብስክሌቱን ፔዳል ወደ ኋላ ታዞራለች። ካቴናው ጠጠጠ ይላል። ሶረቲ «አትንኪ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠችው። «እሑድ እናገራለሁ» አለች። «በሁሉም ፊት እቆማለሁ። እስከዚያ ብቻ ቆይልኝ። ክፍሉ ይከፈታል፤ ኦቦ ጂራ ቃላቸውን ሰጥተውኛል።»

ቀንዓ ካርቶኖቹን በየመጠናቸው ሲደረድር ትንሽ ዘገየ። ሸነን ከተማ ካለ ትምህርት ቤት ለሥራ ከጠሩት ሰንብቷል፤ ልጆቹን አስጀምሮ መተው ከብዶት፣ የሠሩትን ለወላጆች የሚያሳዩበት ቀን እስኪያልፍ ብሎ ሲያዘገያቸው ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ደውሎ እሺ ብሏቸዋል። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ይወጣል። ይህን ሁሉ የነገራት እንደ ተራ የጉዞ ወሬ ነበር፤ ሸነን ብርድ ነው አሉ፣ ቤት ኪራይ ርካሽ ነው አሉ፣ መንገዱ ግን በክረምት ያስቸግራል አሉ። ሶረቲ «አሉ» እያለ የሚያወራውን እየሰማች፣ ይቅርታ የሚለውን ቃል የምታስገባበት ክፍተት ትፈልግ ነበር። በመጨረሻ ወሬው መሐል ጣለችው። «ግዴለም» አላት፤ ግዴለም ያለበት ፍጥነት ግን የሚያሳምን አልነበረም።

«ቲቸር፣ ሸነን ቆርኪ አለ?» አለች ለንሳ ከበሩ።

«ቆርኪ የሌለበት አገር የት አለ?» አለ ቀንዓ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ድንችማ ሞልቷል፤ የወርቅቱን ልጅ ነበር መውሰድ።» ልጅቷ ሳቀች። እሱ የቆርኪውን ጆንያ አንሥቶ በእጁ መዘነውና መልሶ ጥግ ላይ አስቀመጠው። «ይሄን የለቀሙት እነሱ ናቸው። እዚሁ ይሁን። አንድ ቀን የሚከፍተው ሰው ቢመጣ ዝግጁ ያገኘዋል።» ካርቶኖቹን በገመድ አስሮ ብስክሌቱ ላይ ጫነ፣ ቁልፉን ለሶረቲ ሰጣት፣ ለንሳን ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገራት። ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋ በአዳራሹ ጎን ዞረ። የካቴናው ድምፅ እስከ ዋናው በር ተሰማ፤ ከዚያ ጠፋ።

እናትና ልጅ ባዶው ክፍል በር ላይ ቀሩ። መሽቷል፤ ዘበኛው ካቦርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ መጥቶ የአዳራሹን መብራት አበራ። «አልቆለፋችሁም እንዴ?» አላቸው ከሩቅ። ሶረቲ ቁልፉን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «ቤት ስንገባ» አለች ልጇን፣ «የመኪናውን ክዳን አብረን እንከፍተዋለን። አንዴ ሲዞር ስንት ጊዜ እንደሚዞር አብረን እንቆጥራለን። እሺ?»

ለንሳ ወደ ክፍሉ ውስጥ እያየች ነበር፣ ወለሉ ላይ ወዳለው የጠመኔ ክብ። «ግዴለም ሃርሜ» አለች። «አይቼዋለሁ።»

ሶረቲ የብረት በሩን ስባ ገጠመችው። ቁልፉን ከታ አዞረችው። ግማሽ መንገድ ሄዶ ያዘ። በጉልበት ሞከረች፤ አውራ ጣቷ ነጣ፣ ቁልፉ ግን ፍንክች አላለም። ለአፍታ ባይቆለፍስ ብላ ተመኘች። ባይቆለፍ፣ ኦቦ ጂራ ጋ ሄዳ አልተቆለፈልኝም ብትል፣ በሩ እንዲሁ ገርበብ ብሎ ቢያድር፣ ጠዋት ቀንዓ መኪና ከመሳፈሩ በፊት በዚህ ቢያልፍ።

«በጉልበት አይደለም ሃርሜ» አለች ለንሳ። «ሲይዝ ትንሽ ወደ ኋላ መልሺው። ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ራሱ ይሄዳል።»

ሶረቲ ቁልፉን ትንሽ ወደ ኋላ መለሰችው። ከዚያ ወደ ፊት አዞረችው። ውስጡ ቀጭ አለ፣ በሩም ተቆለፈ።